ድልድዩን ወንዝ ከወሰደው በኋላ

ጡረታ በወጣሁ ማግሥት እንደ ልማዴ ማለዳ ተነሣሁ፤ ጫማዬን አሰርሁ፤ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ካለው ቤታችን ወጥቼ ታክሲ መያዣው ላይ ቆምሁ። ሚኒባሱ መጣ። ረዳቱ ያውቀኛልና የፊቱን ወንበር አስለቅቆ «ይግቡ ጋሼ!» አለኝ። እግሬን ካነሣሁ በኋላ ነው የምሄድበት እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ። «ዛሬስ አልሄድም» አልሁት። ስመለስ ባለቤቴ ታንጉት በረንዳው ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ቀና ብላ አየችኝና ሰፌዱን ገፋ አድርጋ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ያን ቀን ምስር እየለቀምሁ ያለፈውን ሁሉ ማሰብ ጀመርሁ። የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነበርሁ። በብረት ቤት ረዳትነት ገብቼ በቅርንጫፍ ኃላፊነት ያገለገልሁ ሰው ነኝ። ከደምቢያ ሜዳ እስከ ሊማሊሞ ቁልቁለት፣ ከዚያም እስከ አዲ አርቃይ፣ እጄ ያልነካው መንገድ ጥቂት ነው። ሰው ሲያየኝ የተመኘውን ሁሉ ያገኘ እመስላለሁ፤ እውነትም አግኝቻለሁ። ይህን የምጽፈው ሁሉን ካገኘሁ በኋላ ለምን ባዶ እጄን እንደ ቆምሁና በመጨረሻ የት እንዳረፍሁ ለልጆቼ ለመንገር ነው። አባታቸውን የሚያውቁት ሲወጣና ሲገባ ብቻ ነውና።

መጀመሪያ የተመደብሁት ጎንደር ከተማ በነበረ የመኪና ጋራዥ፣ ብረት በሚቀጠቀጥበት ክፍል ነው። የክፍሉ ዋና አያ ታከለ ይባላል። ከከተማው ወጣ ካለ መንደር የመጣ የቤተ እስራኤል ሰው ነው፤ አባቱም አያቱም ብረት ቀጥቃጮች ነበሩ። ቁመቱ አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። የጭነትም ሆነ የገልባጭ መኪና ባሌስትራ፣ ጭነቱን የሚሸከመው ድርብርብ ብረት፣ ሲሰበር መጨረሻው እሱ ዘንድ ነው።

ሥራውን ያስተማረኝ በብዙ ቃል አይደለም። ብረቱ እሳት ውስጥ ሲገባ ይነሣና መስኮቱን ይዘጋል። በፀሐይ ብርሃን የብረት ቀለም አይታመንም፤ ጨለማ ውስጥ ግን እውነቱን ያወጣል። መጀመሪያ የረጋ ደም ይመስላል፤ ቀጥሎ እንደ በርበሬ ይቀላል፤ ከዚያ የብርቱካን ልጣጭ ይሆናል። እዚያ ላይ ካልወጣ ይቃጠላል፤ የተቃጠለ ብረት ደግሞ መድኃኒት የለውም። አውጥቶ፣ ቀጥቅጦ፣ አጥፎ፣ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። ውኃ ውስጥ የነከረ እንደሆነ ብረቱ ከልክ በላይ ይደርቅና ጭነት ሲያርፍበት እንደ ሸክላ ይሰበራል። ከዘይት ካወጣው በኋላም ሥራው አላለቀም። ለስለስ ባለ እሳት መልሶ ያሞቀውና በራሱ ጊዜ እንዲበርድ አመድ ውስጥ ይተወዋል። እኛ ወጣቶቹ መቀጥቀጡን ቶሎ ተማርን። መተዉን ግን እንደሱ የቻለ አልነበረም። እኔማ አመዱን ገለጥ እያደረግሁ በማየት ስንቱን አበላሽቻለሁ። አይቆጣኝም። አመዱን መልሶ ይከምርና «ተወው፣ እየሠራ ነው» ይለኛል።

አርብ ከሰዓት ወናፉን ያቆማል። መዶሻዎቹን ጠርጎ በየቦታቸው ይሰቅላል፤ እሳቱን ራሱ ያጠፋል፤ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ ይወጣል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሥራ ቀን ነበር፤ እሱ ግን ሰንበቱ ነውና አይገባም። ደመወዙ ይቆረጣል፤ ዕድገት ሲመጣ ስሙ ይዘለላል። አንድ አርብ የደባርቅ መንገድ ላይ ገልባጭ መኪና ባሌስትራው ተሰብሮ መንገድ ዘጋ ተባለና የጋራዡ ኃላፊ እየሮጠ መጣ።

«ታከለ፣ ነገ ትገባለህ! ከላይ ታዘናል!»

«እሑድ ማለዳ እገባለሁ ጓድ።»

«እሑድ ምን ያደርግልኛል? ነገ ነው ያልሁህ!»

«ሰምቻለሁ ጓድ። እሑድ ጎሕ ሳይቀድ እዚህ ነኝ።»

ኃላፊው ዝቶ፣ ተሳድቦ ሄደ። አያ ታከለ ጉጠቱን መጥረጉን ቀጠለ። እኔ ግን የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

«አያ ታከለ፣ ይህን ያህል ሥራ እየጠበቀህ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሃል?» አልሁት።

«ሥራው መቼም አያልቅ። የማልቀው እኔ ነኝ።»

«ነገ ታዲያ ምን ስትሠራ ልትውል ነው?»

«ምንም። የፈጣሪ ሰንበት ነው፤ የሱ ሆኜ እውላለሁ።»

አልገባኝም። እኔ የክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ ክርስትናዬን ግን ለእናቴ ትቼላት ነበር። እሑድ እሑድ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ እየተሰማኝ ትርፍ ሰዓት እሠራለሁ። እሱ በዚያ ዕድሜው በእኔ ደረጃ ቀርቷል፤ እኔ ደግሞ እንደሱ ላለመቅረት ቆርጬአለሁ።

መንግሥት በተለወጠበት አካባቢ ወገኖቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ እሱም ቤተሰቡን ይዞ ሄደ። ልሰናበተው መንደሩ ወረድሁ። ትከሻዬን ይዞ ትኩር ብሎ አየኝና «ደሳለኝ፣ እጅህ ሸጋ ነው። ልብህ ግን አያርፍም» አለኝ። እኔ ይህን እንደ ምርቃት ቆጠርሁት። ብዙ ዓመት ሙሉ ስለ ራሴ ስናገር «አንድ መምህሬ ልብህ አያርፍም ብሎኛል» እያልሁ እኮራበት ነበር።

ከዚያ ወደ ደምቢያ፣ ኮላ ድባ ተዛወርሁ። የደምቢያ መሬት ጥቁር አፈር ነው። በበጋ ክንድ የሚውጥ ስንጥቅ ይከፍታል፤ በክረምት ያብጥና የደለደልህበትን ሁሉ ተሸክሞ ይነሣል። መንገድ የሚደለድለው ግሬደር እስከ ሆዱ ይሰምጣል። ጥቁሩን አፈር ቆርጠን እያወጣን በጠጠር ተካነው፤ ግራና ቀኝ ቦይ ቀደድን። መንገድን የሚገድለው ጭነት ሳይሆን የተኛ ውኃ መሆኑን የተማርሁት እዚያ ነው። እህል የጫኑ መኪናዎች በክረምት ገበያው ሲደርሱ ሰው እልል ይል ነበር። ያ ደስታ እውነተኛ ደስታ ነበር፤ እሱን አላቃልልም።

ነገር ግን እዚያ የነበረው አለቃዬ ከመንገዱ ይልቅ ስለ መንገዱ የሚወራውን የሚወድ ሰው ነበር። ጠባዩ ተጋባብኝ። አንዱን ሥራ ሳልጨርስ ሰው ስለሱ ምን እንደሚል አስባለሁ፤ ሰው ሲያመሰግነኝ ደግሞ ቀጣዩን ሥራ አስባለሁ። በማታ ትምህርት ዲፕሎማ፣ ከዚያም ዲግሪ ያዝሁ። ማራኪ ላይ ቦታ ገዛን። ምድር ቤቱ ሲያልቅ አርፋለሁ አልሁ። ምድር ቤቱ አለቀና ለተማሪዎች አከራየነው። አንደኛው ፎቅ ሲያልቅ አልሁ። እሱም አለቀ። ሁለተኛውን ስጀምር ታንጉት በሲሚንቶ ከረጢቶቹ መካከል ቆማ «ደሳለኝ፣ እኛ መቼ ነው የምንኖርበት?» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

አዲ አርቃይ የሄድሁት የጥገና ዋና ሆኜ ነው። ሊማሊሞን ወርደህ ስትጨርስ ብርዱን ከላይ ትተኸው ሙቀት ይቀበልሃል። ከከተማዋ ራቅ ብሎ በበጋ ልጆች እየተራመዱ የሚሻገሩት፣ በክረምት ግን ማንንም የማያስጠጋ ወንዝ አለ። ማዶ ያሉት መንደሮች ዝናብ ከገባ እስኪያባራ ተቆርጠው ይቀራሉ። ለእግረኛና ለተጫነ አህያ የሚበቃ የብረት ድልድይ እንድንሠራላቸው ተፈቀደ።

በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ኃላፊነቴ ማዘዝ ነበር፤ እኔ ግን የብየዳ መነጽር አድርጌ ከሠራተኞቹ ጋር ዋልሁ። ብረቱን በማለዳ ገና ሳይግል እንለካዋለን፤ የቀትር ፀሐይ ሲመታው ይረዝማልና። የብየዳውን መስመር በመዶሻ ጫፍ እያንኳኳሁ አዳምጣለሁ፤ አየር የያዘ ቦታ ድምፁ የታፈነ ነው። በማዶ በኩል ድልድዩን ያሳረፍነው ዳር ላይ በተቀመጠ ግዙፍ ጥቁር ዓለት ላይ ነው። በመሮ ስንመታው እንደ ደወል ጮኸ። መሰርሰሪያችን እስከ ደረሰበት ጥልቀት በሳነው፤ ሁሉም ድንጋይ ነው። ከጎንደር የመጣው መሐንዲስ ተንበርክኮ ዳሰሰውና «ይህ የተራራው ሥር ነው» አለ። እኔም እንደዚያው አልሁ። የአገሩ ሽማግሌዎችም አባቶቻቸው ከዚያው እንዳዩት መሰከሩ።

ድልድዩ ሲመረቅ በሬ ታረደ፤ ተጨፈረ። ሰዉ «የደሳለኝ ድልድይ» ብሎ ጠራው። እኔ በሉ አላልኋቸውም፤ ሲሉት ግን አጥንቴ ድረስ ደስ አለኝ። በዚያ ምሽት «እንግዲህ ብሞትም የሚቀር ነገር ሠርቻለሁ» ብዬ ተኛሁ።

ሁለት ክረምት አሻገረ። በሦስተኛው፣ ነሐሴ ላይ፣ ከላይ ደጋው ሲዘንብ አደረ። ማለዳ ተደውሎልኝ ስደርስ ድልድዩ የለም። ብረቱ ታች ተጠማዝዞ ግማሹ በደለል ተቀብሯል። ያ ዓለት ተገልብጦ ሆዱን ወደ ላይ አድርጓል። የተራራው ሥር አልነበረም። ከማን ዘመን በፊት እንደሆነ እንጃ፣ ራሱ ጎርፉ ከላይ አምጥቶ የቀበረው ቋጥኝ ነበር።

ዓይኔን ከብረቱ ሳነሣ ነው ማዶ ያሉትን ሰዎች ያየኋቸው። ጎረምሶች ቃሬዛ አውርደው ቆመዋል። ቃሬዛው ላይ አንዲት ልጅ እግር ተኝታለች፤ አጠገቧ ኩታ የለበሰ ሽማግሌ አለ።

«የአያ ሞላ፣ የዚያ ሽማግሌ ልጅ ናት፤ ጥሩዬ» አለኝ አጠገቤ የቆመ ገበሬ። «ሆዷን አሟት ሰንብታለች። ጤና ጣቢያ ሊያደርሷት ነው የመጡ።»

ውኃው ስለሚጮህ ከማዶ ቃል አይሰማም፤ የአፋቸውን እንቅስቃሴ ብቻ ነው የምናየው። ገመድ በድንጋይ አስረን ወረወርን፤ ወንዙን ሳያጋምስ ወደቀ። ዋና የሚችል አንድ ጎበዝ ወገቡን ታስሮ ገባ፤ ጎርፉ ገልብጦት በስንት መከራ ጎትተን አወጣነው። እኔ ስልኬን አወጣሁ። የማውቃቸው ሹማምንት ሁሉ ጋ ደወልሁ። ሁሉም አነሡልኝ፤ ሁሉም አዘኑ፤ የሚያደርጉት ግን አልነበራቸውም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ለማወቅ ደክሜ ነበር፤ ማወቄ ያችን ልጅ አንድ ክንድ አላሻገራትም።

ያኔ ሽማግሌው ኩታውን ደረቱ ላይ አጣፍቶ በጭቃው ላይ ተንበረከከ። ጎረምሶቹ ተከተሉት። ከእኛ ጎን ያለው ሰውም አንድ በአንድ ወደ መሬት ወረደ። «እግዚኦ» የሚለው ድምፅ ከውኃው ጩኸት ጋር ተቀላቀለ። ቆሜ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ልንበርከክ ፈለግሁ፤ ግን ምን ብዬ እንደምጀምር፣ ማንን እንደምጠራ የማላውቅ ሆነብኝ። ስልኬን እንደ ጨበጥሁ ቆምሁ።

ከዚያ ቃሬዛውን አንሥተው ላይኛውን መሻገሪያ ሊሞክሩ ወደ ላይ ሄዱ። ጥሩዬ እዚያ ሳትደርስ መንገድ ላይ አረፈች።

ውኃው ጎደል ሲል ከአገሩ ሰዎች ጋር ተሻግሬ ለቅሶ ደረስሁ። የምሰማውን ስድብ ሁሉ ለመስማት ልቤን አዘጋጅቼ ነበር። አያ ሞላ ከድንኳኑ ወጥቶ ተቀበለኝና አጠገቡ አስቀመጠኝ። ፊቱ ከስቷል፤ ዓይኑ ደም ለብሷል።

«አያ ሞላ፣ ድልድዩን የሠራሁት እኔ ነኝ» አልሁት።

«አውቅሃለሁ። ባንተ ድልድይ ተሻግረን ስንቱን አሳክመናል። የወንድሜ ሚስት መንታ የተገላገለች በሱ ተሻግራ ነው።»

«አሁን ግን ጥሩዬን...»

«ድልድይህም የእግዚአብሔር ነበር። ልጄም የሱ ነበረች።» ይህን ሲል ጉንጩ በእንባ ርሷል። ሐዘኑ ቀሎለት አልነበረም። እያለቀሰ ነው የተናገረው። እኔ ልል የመጣሁትን «አይዞህ» እሱ አለኝ። ቆየት ብሎም «አንተ ግን ምነው እንዲህ ገረጣህ? ማን አለህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሚስት አለኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ ጎንደር ቤት አለኝ ብዬ ቆጠርሁለት።

«ይጠብቅልህ። እኔ ያልሁህ ሌላ ነው። እንዲህ ያለው ቀን ሲመጣ ማን አለህ?»

«እግዚአብሔር አለ» አልሁ፤ ሰው ሁሉ እንደሚለው።

«እሱማ አለ። አንተስ ከሱ ጋር አለህ ወይ?»

ሰዎች መጥተው ተቀመጡና ነገሩ በዚያው ተቋረጠ።

አጣሪ ቡድን መጥቶ መረመረና ጥፋት የለም፣ የጎርፉ ኃይል ነው አለ። እንዲያውም ጥቂት ቆይቶ ለብዙ ዓመት ስመኘው የኖርሁት የቅርንጫፍ ኃላፊነት ተሰጠኝ። ሹመቱን የሰማሁ ቀን ቢሮው ገብቼ በሩን ዘጋሁና በሚሽከረከረው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። አንድ ጊዜ ዞርሁ። ከመስኮቱ ፋሲል ግንብ ይታያል፤ ጠረጴዛው ላይ መስተዋት አለ። ደስታው እስኪመጣ ጠበቅሁ። ታንጉት ጋ ደውዬ «ተሾምሁ» አልኋት።

«እንኳን ደስ አለህ። ምሳ ትመጣለህ?»

ያን ቀን ምሳ ሄድሁ። ሌላ የምሄድበት አልነበረም።

ወንበሩም ብዙ አልቆየልኝም። አዲስ መዋቅር መጣና ቅርንጫፉ ከሌላ ጋር ተዋሐደ፤ እኔም ጡረታዬ እስኪደርስ በባለሙያነት ሠራሁ። አንድ ቀን ለዕቃ ጉዳይ ግምጃ ቤት ስገባ ያን ወንበር ከአሮጌ ጎማዎች አጠገብ አየሁት። ግምጃ ቤት ጠባቂው ቦርሳውን አስቀምጦበታል። ለዚያች ወንበር ስል ስንት እሑድ፣ ስንት የልጆቼን የልጅነት ቀን እንደ ሰጠሁ አሰብሁ። አልተናደድሁም። የሚያናድድ ነገር እንኳ አልቀረባትም።

እንግዲህ ጡረታ ወጥቼ በረንዳው ላይ የቀረሁት እንዲህ ሆኜ ነው። ስልኬ አይጮኽም። ተከራዮቹ ተማሪዎች በአክብሮት ሰላም ይሉኝና ያልፋሉ። አንድ ማለዳ ታንጉት ነጠላዋን እያጣፋች «ምስሩስ አለቀ፤ ዛሬ ከኔ ጋር ና» አለችኝ። እሷ በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ለስንት ዓመት በመኪና እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አድርሻት ሳልገባ እመለስ ነበር።

ገባሁ። መጀመሪያ ላይ ጸሎት የሚባል አልሆነልኝም። ግንቡን ተደግፌ የጣሪያውን እንጨት እቆጥራለሁ፤ የግቢው ውኃ በየት በኩል ቢወርድ እንደሚሻል አስባለሁ። ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። «የምታስበውንም ይዘህ ቁም፤ አትቅር እንጂ» አሉኝ። ቆምሁ። በጋ አልፎ ክረምት ገባ። አንድ ቀን ምእመናኑ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ሲሉ አብሬ እያልሁ ነበር። ስንተኛው ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ ለልማድ የምለው መሆኑ ቀረና ለአንድ ለሚሰማኝ እየተናገርሁ እንደሆነ ታወቀኝ። የምለምነው ነገር አልነበረኝም። የማስረዳውም አልነበረኝም። ጉልበቴ ታጠፈ፤ ግንባሬ ምንጣፉን ነካ። «ጌታ ሆይ፣ አለሁ» ብቻ አልሁ። ስነሣ ፊቴ በእንባ ርሶ ነበር፤ ታንጉት ከሴቶቹ በኩል አይታኝ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሥራም ምስጋናም የማያጠግበው ያ ረሃብ ከዚያ ወዲህ ለቀቀኝ። ሁልጊዜ አይደለም፤ አንዳንድ ቀን ስልኬን አንሥቼ የሚፈልገኝ አለ ወይ ብዬ አያለሁ። ግን እንደ ጥንቱ አይነክሰኝም። ሠርቼ የማልሞላው ነገር ሳልሠራ ሞልቶ አገኘሁት።

ደብሩ ግቢ ውስጥ ቅዳሴ ሲያልቅ አዛውንቶች ተሰብስበው ቅጠል ይጠርጋሉ። እኔም ገባሁበት። በሁለተኛው ቀን ሳላስበው «እናንተ በዚህ በኩል፣ እናንተ በዚያ፤ ቅጠሉ እዚህ ይከመር» እያልሁ ማዘዝ ጀመርሁ። ሰዎቹም ታዘዙኝ። እማሆይ ወለተ ሥላሴ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። ከሁላችን የሚያንስ ጉልበት ያላቸው፣ ከሁላችን ቀድመው የሚመጡ መነኩሲት ናቸው።

«ምነው ልጄ?»

«ሥራው እንዲቀላጠፍ ብዬ ነው እማሆይ።»

«ማን አስቸኮለህ? እዚህስ አለቃ አለን።»

«የደብሩ አለቃ ያዘዙት ነገር አለ እንዴ?»

ሳቁብኝ። «እሳቸውማ እንዳንተው ታዛዥ ናቸው» አሉና ፊታቸውን ወደ መቅደሱ መለስ አደረጉ። «በል ጥረግ።»

ጠረግሁ። ከግቢው ዋንዛ ሥር ጀምሬ እስከ በሩ ድረስ ሄድሁ። ማንም አልለካውም፤ ማንም ጎበዝ አላለኝም። ከኋላዬ ቅጠሉ መርገፉን አላቆመም። ዞር ብዬ አየሁት። እንዲረግፍ ተውሁትና መጥረጊያውን ግንቡ ላይ አስደግፌ፣ ደጁን ተሳልሜ፣ ከታንጉት ጋር ወደ ቤታችን ሄድን።